ፔሊካኑን የማንነካው፣ የሌሊት ወፏን የምናሳድደው ለምንድን ነው?

ጥያቄው የመጣው ከአርባ ምንጭ አካባቢ ነው። ጠያቂያችን የማንጎ ማሳ አላቸው። በአጭሩ እንዲህ ይላሉ፦

«ቀን ቀን ጫሞ ሐይቅ ላይ ፔሊካኖች ሲበሩ እናያለን። ማታ ማታ ደግሞ የሌሊት ወፍ ማንጎዬን ትበላለች። ልጄ ‹ሁለቱም ክንፍ ካላቸው ዘመዳሞች ናቸው?› ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አጣሁ። የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ፔሊካኑን ማንም አይነካውም፤ እንዲያውም ቱሪስት ፎቶ ሊያነሳው ይመጣል። የሌሊት ወፎቹን ግን ጎረቤቶቼ ‹ዋሻቸው ውስጥ ጭስ ለቀን እንጨርሳቸው› እያሉ ነው። በማርበርግ በሽታ የተነሳም ሰው ፈርቷል። ምን ይመክሩናል?»

ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ጊዜ አይሰጥምና። እባክዎ ጎረቤቶችዎን ያስቁሟቸው። ጭስ አይለቀቅ፤ ዋሻው ውስጥም ማንም አይግባ። ጭሱ የፈራችሁትን በሽታ ሊያባብሰው ይችላል። ይህን ያልኩበትን ምክንያት ወረድ ብዬ በዝርዝር እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን የልጅዎን ጥያቄ ልመልስ። ሁለቱን እንስሳት በደንብ ካወቁ ምክሩ ራሱ ግልጽ ይሆንልዎታል።

አገራችን ውስጥ ከ70 በላይ የሌሊት ወፍ ዓይነቶች አሉ። አብዛኞቹ ነፍሳት በል ናቸው፤ ማንጎ አይነኩም። ፍራፍሬ የሚበሉትም ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ያድራሉ። እዚህ የማወራው ስለ ግብፅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። ስሟ ግብፅ ይበል እንጂ በብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ትኖራለች። ዋሻ የምትወደው እሷ ናት፤ ማርበርግም የሚያያዘው ከእሷ ጋር ነው። ከፔሊካኖቹ ደግሞ ትልቁን ነጭ ፔሊካን እወስዳለሁ። ጫሞ ላይ የሚያዩት በአብዛኛው እሱን ነው።

ለልጅዎ እንዲህ ይበሏት። ዘመዳሞች አይደሉም። የሌሊት ወፍ አጥቢ እንስሳ ናት። ፀጉር አላት፣ ጥርስ አላት፣ ልጇን ወልዳ ጡት ታጠባለች። በዝምድና ካየነው ለላም፣ ለውሻ፣ ለእኛም ለሰዎች ትቀርባለች። ፔሊካን ደግሞ ወፍ ነው፤ ላባ አለው፣ እንቁላል ይጥላል፣ ጥርስ የለውም። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ውስጥ ለወፎች በጣም የሚቀርቡት አዞዎች ናቸው። ስለዚህ ጫሞ ዳር አፉን ከፍቶ ፀሐይ የሚሞቀው አዞ፣ ከሌሊት ወፏ ይልቅ የፔሊካኑ የቅርብ ዘመድ ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል፤ እኔም ብዙ ጊዜ የምነግራቸው ይህንን ነው። የፔሊካኑና የሌሊት ወፏ የጋራ አያት የኖረው ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ያ አያት ደግሞ ክንፍ አልነበረውም። መብረርን እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ነው ያገኙት።

ለየብቻቸው ማግኘታቸው ክንፋቸው ላይ በግልጽ ይታያል። እጅዎን ዘርግተው ጣቶችዎን ይዩ። የሌሊት ወፍ ክንፍ ማለት እንዲህ የተዘረጋ እጅ ነው፤ አውራ ጣቷ አጭር ሆኖ ጥፍር አለው፣ አራቱ ጣቶች ግን በጣም ረዝመዋል። በጣቶቹ መካከል ስስ ቆዳ ተወጥሯል፤ ልክ እንደ ጃንጥላ ዘንግና ጨርቅ። ቆዳው በድን አይደለም። ውስጡ የደም ሥርና ቀጫጭን ጡንቻ አለ፤ ላዩ ላይ ደግሞ የአየሩን አካሄድ የሚያዳምጡ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ስለዚህ ክንፏን በየቅጽበቱ እያጠፈች፣ እየወጠረች፣ እያላላች በቅርንጫፎች መካከል ትሾልካለች። ቆዳው ቢቀደድ እንኳ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይገጥማል።

ፔሊካኑ ሌላ መንገድ ነው የሄደው። የእሱ ጣቶች አንድ ላይ ተጣብቀው አጥረዋል። አየሩን የሚገፋው ከእጁና ከክንዱ አጥንት ላይ የሚነሳው ረጃጅም ላባ ነው። ላባ ሲሰበር አይድንም፤ ረግፎ በቦታው አዲስ ይበቅላል። የክንፉ ጠርዝና ጫፍ ጥቁር የሆነው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጥቁሩ ቀለም ላባውን ያጠነክረዋል፣ ቶሎ እንዳያልቅ ያደርገዋል። አጥንቶቹ ደግሞ ብዙዎቹ ባዶና አየር የሞላባቸው ናቸው። ቆዳው ሥር ሳይቀር የአየር ከረጢት አለው። ለዚህ ነው ያን የሚያህል ሰውነት ውሃ ላይ ሲቀመጥ ሳይሰምጥ እንደ ጀልባ የሚንሳፈፈው።

መጠናቸው በጣም የተራራቀ ነው። ወንዱ ፔሊካን ከ9 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ክንፉ ሲዘረጋ ሦስት ሜትር አልፎ ሊሄድ ይችላል። የሌሊት ወፏ ከ80 እስከ 170 ግራም ናት፤ ክንፏ ሲዘረጋ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሆኖም አንድ ችግር ያመሳስላቸዋል፤ ሁለቱም ለመነሳት ይቸገራሉ። ፔሊካኑ ውሃው ላይ በሁለቱም እግሩ እየመታ፣ ክንፉን እያራገበ የተወሰነ መንገድ ሮጦ ነው የሚነሳው። የሌሊት ወፏ ደግሞ ከመሬት ከመነሳት ይልቅ ከከፍታ ላይ ራሷን ለቅቃ ወደ ታች እየወደቀች ክንፏን ትዘረጋለች። ቁልቁል የምትንጠለጠለው አንድም ለዚህ ነው። የእግሯ ጅማት ደግሞ በራሷ ክብደት ይቆለፋል፤ ተንጠልጥላ ስትተኛ ጡንቻዋ አይደክምም።

አሁን ወደ ቀንና ሌሊቱ እንሂድ። ፔሊካን የቀን እንስሳ የሆነው ወዶ ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ያስገድደዋል። ያንን ሰውነት ክንፍ እያራገቡ ረጅም መንገድ መውሰድ በጣም ያደክማል። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ይጠብቃል። ረፋዱ ላይ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ፔሊካኖቹ ገብተውበት እየዞሩ ይወጣሉ፤ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደሚፈልጉበት ይንሳፈፋሉ። በመስመር ሆነው ሲበሩ ደግሞ የኋለኛው ከፊተኛው ክንፍ ከሚነሳው አየር ይጠቀማል። ሴኔጋል ውስጥ የዚህኑ ነጭ ፔሊካን የልብ ምት የለኩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በመስመር የሚበር ፔሊካን ከ11 እስከ 14 በመቶ ጉልበት እንደሚቆጥብ አሳይተዋል።

የዚህ አበራረር ትልቅ ምስክር እኛው አገር ነው፤ ሻላ ሐይቅ። ሻላ ጥልቅ ነው፣ ውሃውም ሶዳ የበዛበት ስለሆነ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለውም። ግን ደሴቶች አሉት፤ አዳኝ አውሬ አይደርስባቸውም። ፔሊካኖቹ እዚያ ይራባሉ፣ ምግባቸውን ግን ሌላ ቦታ ሄደው ያመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወፍ ተመራማሪዎቹ ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን ይህንን መንጋ ሲያጠኑ፣ ወላጆቹ ረፋዱን ጠብቀው በመካከል ያለውን ኮረብታ ተሻግረው ወደ አቢያታ ሐይቅ ለዓሣ ይሄዱ ነበር። በኋላ አቢያታ ሸሸ። ወደሱ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ለመስኖና ለሌላ ሥራ ተጠለፈ፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ ተሳበ። ውሃው ሲያንስ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣውም አለቀ። ፔሊካኖቹ ምግብ ፍለጋ ራቅ ወዳሉ ሐይቆች ለመሄድ ተገደዱ። መራቢያውን ማንም ሳይነካው፣ ሌላ ቦታ ላይ በደረሰ ጉዳት መንጋው ተጎዳ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የሌሊት ወፏስ ለምን ሌሊት? ተመራማሪዎች ሁለት ምክንያት ይሰጣሉ። አንደኛ፣ ቀን የጭልፊትና የንስር ዓለም ነው፤ ለእነሱ ቀላል ሲሳይ ትሆናለች። ሁለተኛ፣ ያ ራቁቱን የሆነ ጥቁር የክንፍ ቆዳ በቀትር ፀሐይ ሙቀት ይሰበስባል፤ እየበረረች ልትግል ትችላለች። ሌሊት ግን ሰማዩ የእሷ ነው። ዓይኗ ትልቅና ጥሩ ነው፤ «የሌሊት ወፍ ዕውር ናት» የሚባለው ስህተት ነው። ዋሻው ድቅድቅ ሲል ደግሞ በምላሷ «ጠቅ ጠቅ» ታደርጋለች፤ ከግድግዳው የሚመለሰውን ድምፅ ሰምታ መንገዷን ታውቃለች። ነፍሳት በሎቹ በጉሮሯቸው ለሰው ጆሮ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ ነው የሚያወጡት። ከፍራፍሬ በሎቹ ወገን በምላስ እንዲህ መንገድ በመፈለግ የታወቁት እሷና የቅርብ ዘመዶቿ ናቸው። በእስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ይህችን የሌሊት ወፍ ቴል አቪቭ ጎዳና ላይ ባሉት የሾላ ዛፎች ማታ ማታ ታገኟታላችሁ። እዚያው የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጀርባዋ ላይ ትንሽ መሣሪያ አስረው ተከታትለዋታል። የምትወደውን ዛፍ ለይታ ታስታውሳለች፤ ከዚህ በፊት ባልሄደችበት አቋራጭም ትደርስበታለች።

ወደ ማዕዳቸው ስንመጣ፣ ፔሊካኑ በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ዓሣ ይበላል። ምንቃሩ ሥር ያለው ከረጢት ከአሥር ሊትር በላይ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ብዙ ሰው ዓሣ ማጠራቀሚያ ይመስለዋል፤ አይደለም። መረብ ነው። ዓሣውን ከነውሃው ይዝቃል፣ አንገቱን አዘንብሎ ውሃውን ያንጠፈጥፋል፣ ወዲያው ይውጣል። ብዙ ጊዜ በቡድን ያድናሉ፤ ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ወደ ዳር እየገፉ አንገታቸውን አንድ ላይ ያጠልቃሉ። ጠዋት ጫሞ ላይ ካዩት በኋላ አይረሱትም።

የሌሊት ወፏ ፍሬውን ቀጥፋ ወደ ሌላ ዛፍ ትወስደዋለች። ታኝከዋለች፣ ጭማቂውን ትውጣለች፣ ገለባውን ትተፋለች። ትልቁ ዘር ከምትበላበት ዛፍ ሥር ይወድቃል። የሾላና የዋርካ ዘር ግን ደቃቅ ስለሆነ ከጭማቂው ጋር ይዋጣል፤ እየበረረች በኩሷ ትበትነዋለች። ማንም ያልተከለው ሾላ ገደል አፋፍ ላይ የሚበቅለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባሉ እንስሳት ነው። በማታ የሚያብቡ ዛፎችንም አበባ ለአበባ ታዳቅላለች፤ ለምሳሌ ባኦባብን።

አወላለዳቸው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ለእርስዎ ውሳኔ ዋናው እዚህ ነው። ፔሊካን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ ከሁለቱ ብዙ ጊዜ አንዱ ጫጩት ብቻ ያድጋል። ለመራባት እስኪደርስ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። የሌሊት ወፏ አራት ወር ገደማ አርግዛ አንድ ልጅ ትወልዳለች፤ መንታ ብርቅ ነው። ልጇን መጀመሪያ ላይ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች። አይጥን በሚያህል ሰውነት ይህን ያህል በዝግታ የሚወልድ አጥቢ ጥቂት ነው። ሁለቱም እንስሳት በሺዎች ሆነው አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ፔሊካን ደሴት ላይ፣ የሌሊት ወፏ ዋሻ ውስጥ። ያ ቦታ አንድ ቀን ከተነካ የብዙ ዓመት ልጅ ይጠፋል።

እንግዲህ ወደ ማርበርግ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ በሽታው መኖሩ ሲረጋገጥ በአገራችን የመጀመሪያው ነበር። ጂንካና አርባ ምንጭ አንድ ክልል ውስጥ ናቸውና የጎረቤቶችዎ ፍርሃት ይገባኛል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ኡጋንዳ ውስጥ ከዚችው የሌሊት ወፍ ሕያው ቫይረስ ተገኝቷል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። እሷ አትታመምም፤ ቫይረሱ ግን በምራቋ፣ በሽንቷና በኩሷ ሊወጣ ይችላል። አደጋው የሚበዛው ዋሻና የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ለሚቆይ ሰው ነው። አንድ ሰው ከተያዘ በኋላ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በደምና በሌላ የሰውነት ፈሳሽ ንክኪ ነው።

ግን መጨረሱ መፍትሔ ነው ወይ? ይህ በተግባር ተሞክሯል። ኡጋንዳ ውስጥ ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ2007 ማዕድን አውጪዎች በማርበርግ ታመሙ። ከዚያ ሰዎች በጉድጓዱ ውስጥ የነበሩትን የሌሊት ወፎች ጨረሷቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቦታውን ሌሎች የሌሊት ወፎች መልሰው ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያው አካባቢ በሽታው እንደገና ሰው ላይ ተነሳ። ተመራማሪዎች ሄደው ሲመረምሩ፣ ቀድሞ 5.1 በመቶ የነበረው ቫይረሱ የተገኘባቸው የሌሊት ወፎች ድርሻ 13.3 በመቶ ሆኖ አገኙት። የሚሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው፦ አንዴ ተይዘው የዳኑት፣ የመከላከል አቅም ያላቸው ትላልቆቹ ሲሞቱ ቦታውን የያዙት አቅም የሌላቸው አዲሶች ናቸው። ቫይረሱ በእነሱ ውስጥ እንደልቡ ይዛመታል። ጭሱን የሚለቀው ሰውም በድንጋጤ የሚሸኑና የሚረግፉ እንስሳት መሀል ነው የሚቆመው።

እስራኤልም ሌላ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፍራፍሬ አትክልተኞችን ለመጠበቅ ተብሎ ዋሻዎች በመርዝ ይታጠኑ ነበር። ፍራፍሬ በሏ ዛሬም በከተማው አለች። በእጅጉ የተጎዱት አብረው ዋሻ የሚኖሩት ነፍሳት በሎች ናቸው፤ ማለትም የገበሬውን ተባይ የሚበሉት።

ታዲያ አንዱ ክፉ ሌላው ደግ ነው ወይ ቢባል፣ ያው እስራኤል ይመልስልናል። ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚወርዱት ነጭ ፔሊካኖች በመከር ወራት እዚያ ያልፋሉ፤ የዓሣ እርባታ ኩሬዎች ላይ ሲወርዱም አርቢዎቹ ይከስራሉ። እዚያ የሚረገመው ፔሊካኑ ነው። መፍትሔ የተባለው ደግሞ መግደል አይደለም፤ ኤሜክ ሔፈር አካባቢ ባለ አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ ላይ ዓሣ እየተገዛ ይፈስላቸዋል፣ በልተው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። በሽታም ቢሆን ፔሊካን የጸዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ሴኔጋል ጁጅ ፓርክ ውስጥ 750 ገደማ ነጭ ፔሊካኖች በወፍ ጉንፋን አልቀዋል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ብዙ የሞቱ ወፎች ካያችሁ አትንኩ፣ ልጅም አይንካ፤ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ንገሩ።

አሁን ማሳዎ ውስጥ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ጥፋተኛውን ይለዩ። ማንጎው ውስጡ በስብሶ ትል ካለበት የፍራፍሬ ዝንብ ነው፤ እሷን አይውቀሱ። የጥርስ ምልክት ያለበት፣ የተገመጠ ፍሬና የተተፋ ገለባ ካገኙ እሷ ናት። የሌሊት ወፍ የምትመጣው የበሰለ ፍሬ ሽታ ስቧት ነው። ስለዚህ ለገበያ የሚሆነውን ማንጎ ዛፍ ላይ እስኪቀላ አይጠብቁ፤ ጠንክሮ ሲደርስ ገና አረንጓዴ ሳለ ያውርዱት፣ ቤት ውስጥ ይብሰል። ለቤት የሚያስቀሩትን ጥቂት ዛፍ ፍሬውን በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑ። መረብ ከተጠቀሙ ዓይኑ ጠባብ ይሁን፣ ወጥረው ይሰሩት፤ የላላ መረብ እንስሳውን ያንቃል፣ እሱን ለማላቀቅ ሲሞክሩ ደግሞ ትነክስዎታለች።

የተገመጠ ፍሬ አይበላም፤ «ይህቺን ቆርጬ ልጣል» አይባልም። የወደቀውን በአካፋ ሰብስበው ይቅበሩ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ደህናውንም ቢሆን አጥበው፣ ልጠው ይብሉ። የወደቀች ወይም የሞተች የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አትነሳም። ከቤተሰቡ ዋሻ የገባ ወይም የሌሊት ወፍ የነካ ሰው ድንገት ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከጀመረው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ዋሻ መግባቱንም ሳይደብቅ ይናገር። ለጎረቤቶችዎ ደግሞ የኪታካን ነገር ይንገሯቸው። ዋሻው ያስጨንቀን ካሉ፣ ማድረግ የሚቻለው ልጆችና ከብት እንዳይገቡበት መንገዱን ራቅ ብሎ ማጠርና ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማሳወቅ ነው። አፉን ግን አትድፈኑት፤ ማደሪያ ያጡት ተበታትነው ጣሪያችሁ ሥር ሊገቡ ይችላሉ።